«አፈርሳታ» ለማን ይፈታል?
ለባዕድ አንባቢ በተጻፉ የኢትዮጵያ ልብወለዶች ስለሚታየው የቃላት አያያዝ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው መኖሪያቸው በዚያ ከነበረው ከአሶሳው ገዥ ከሼኽ ሆጀሌ አልሐሰን ነው። ሁለት ቃል የነበረው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ አንድ ሆኗል፤ በማዕረጉና በስሙ መካከል የነበረው ወሰን ጠፍቷል፤ በመካከል የነበሩትም ድምፆች ተውጠዋል። ዛሬ «ሸጎሌ» ብሎ ታክሲ የሚሳፈር ሰው የአንድ ሼኽ ስም መጥራቱን አያስብም። ሕዝቡ እንግዳውን ስም ለራሱ ጆሮ አለዝቦ ወስዶታል፤ ለማንም የማስረዳት ግዴታ አልነበረበትም። የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሥራም አለ፤ ይኸውም አንድ ደራሲ የገዛ አገሩን ቃል አውቆና መርጦ ለባዕድ ጆሮ የሚያዘጋጅበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ነው።

ጉዳዩ በሌላው ዓለም ቀደም ብሎ አከራክሯል። አሜሪካዊቷ ፐርል በክ የሚሲዮናውያን ልጅ ሆነው በቻይና አድገዋል። እ.ኤ.አ. በ1931 የታተመው «ዘ ጉድ ኧርዝ» የተባለው ልብወለዳቸው የቻይናን ገበሬ ሕይወት ለምዕራባውያን አንባቢዎች አቀረበ፤ ደራሲዋም በ1938 የኖቤል ሽልማት አገኙ። እሳቸው እንደሚሉት ታሪኩ የሚመጣላቸው በቻይንኛ ሲሆን፣ ሲጽፉት ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት ነበር። በ1933 ግን ኪያንግ ካንግሁ የተባሉ ቻይናዊ ምሁር በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ዝርዝሩ የተዛባ መሆኑን ጽፈው ተቃወሙ። ታላቁ ደራሲ ሉ ሹንም በዚያው ዓመት በጻፉት ደብዳቤ የቻይናን ነገር በትክክል ማሳየት የሚችለው ቻይናዊ መሆኑን አመለከቱ።

ይህ መለኪያ፣ ማለትም የጸሐፊው ውልደት፣ ለእኛ በቂ ሆኖ አላገኘነውም። ኢትዮጵያን በእንግሊዝኛ የጻፉት ታዋቂ ደራስያን አብዛኞቹ የአገሩ ልጆች ናቸውና። ሆኖም አገሬውን ማወቃቸው ከቃሉ ችግር አላዳናቸውም፤ እንዲያውም ችግሩን አብዝቶባቸዋል። ለማያውቀው ሰው የሚጠፋው ምን እንደሆነ የሚሰማው የሚያውቀው ሰው ነው። ስለሆነም ሥራዎቹን ከቃላት አያያዝ አኳያ መመዘን የተሻለ ይመስለናል።

ሀ. ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም

ሣህለ ሥላሴ በቸሃ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፉ ደራሲ ናቸው። «የሺነጋ መንደር» በቸሃ ተጽፎ፣ በፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ ወጣ። በርእሱ ሥር ያለው ሐረግ መጽሐፉን «የኢትዮጵያ ሕይወት ትርኢቶች» ይለዋል። የአንድ ቸሃ መንደር ኑሮ በአንድ ሐረግ የመላ አገሪቱ ኑሮ ሆነ ማለት ነው። አንድ ገበሬ ቻይናን በሙሉ ሊወክል አይገባም የሚለው የቻይናውያኑ ቅሬታ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ጥፋቱም ከታሪኩ ይልቅ በስያሜው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው «ዘ አፈርሳታ» ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። በጉራጌ ምድር የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ ነዋሪውም ጥፋተኛውን ለማውጣት ይሰበሰባል። ደራሲው ቃሉን ሳይተረጉሙ በመጽሐፉ ግንባር ላይ አኖሩት። በእንግሊዝኛ «የሕዝብ ምርመራ» የሚል አቻ ማግኘት አያስቸግርም ነበር። ነገር ግን አቻው ዋናውን ነገር ይጥላል፤ በአፈርሳታ መርማሪና ተመርማሪ አይለያዩም፣ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ዝም ያለ ይጠረጠራል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያወጣ ይጠየቃል። በአማርኛ «አውጫጭኝ» የምንለው ተቀራራቢ ሥርዓት ይህን በቃሉ ምዕላድ ውስጥ ይዞታል፤ ሥሩ «ወጣ» ነውና። የቸሃው ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ይህን የምዕላድ ኀይል ሊጠቀሙበት አልቻሉም። ስለዚህ ታሪኩን በሙሉ የአንድ ቃል ፍች አደረጉት። አንባቢው መጽሐፉን ሲጨርስ ቃሉን ተምሮታል። በእኛ አስተያየት ከተመለከትናቸው ሥራዎች ሁሉ ለቃል የተሻለ ክብር የሰጠው ይህ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ በዚያው በጉራጌ ምድር በቅሎ ይገኛል። እንሰት በእንግሊዝኛ «ሐሰተኛ ሙዝ» ይባላል። ሕዝብ የሚኖርበት ተክል ባልሆነው ነገር ተሰየመ። ቆጮን፣ ቡላንና አሚቾን የሚያውቅ ሰው ሙዝን ከእንሰት ጋር የሚያወዳድርበት ምክንያት የለውም፤ ንጽጽሩ ያስፈለገው ለተመልካቹ ነው። እንዲህ ያለው ስም በትርጉም በኩል ወደ አማርኛ ጽሑፍ ተመልሶ ሲገባ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ለ. ዳኛቸው ወርቁ

ዳኛቸው ወርቁ ለምርመራችን እጅግ የሚጠቅሙ ናቸው፤ አንዱ ብዕር ለሁለት ጆሮ ጽፏልና። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ» ከነስሙ ለአማርኛ አንባቢ የተሠራ ነው። ስሙ ትእዛዝ ነው፤ ሰምቶ «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለውን ተረት የማያስታውስ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ደራሲው ለዚህ አንባቢ ምንም አያብራሩም፤ አንባቢው ራሱ ይታገል ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ የወጣው «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» የታመሙትን ፊታውራሪ ወልዱን ከልጆቻቸው ከጎይቶምና ከወይኒቱ ጋር ወደ ዝቋላ ጠበል ይወስዳቸዋል። የርእሱ «ዐሥራ ሦስተኛ» ለእኛ ጳጉሜን ነው፤ ለባዕዱ ግን «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው። ደራሲው ማስታወቂያውን ወስደው በሞት አፋፍ ባለ ባላባት ላይ ማብራታቸው ብርቱ ስላቅ ነው። «ፊታውራሪ» የሚለው ማዕረግ ግን ያስቸግራል። እንደ ሥርወ ቃሉ «የቀዳሚ ጦር አዛዥ» ብንለው የቃሉን ልደት እንነግራለን፤ በ1960ዎቹ ያለው ኢትዮጵያዊ ግን ከቃሉ ውስጥ የሚሰማው መሬትን፣ ጭሰኛንና ሙግትን ነበር። ሥርወ ቃል ፍችን የማይተካ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሐ. ማዕዛ መንግሥቴ

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና በ2020 ለቡከር ሽልማት በመጨረሻ ዕጩነት የቀረበው «ዘ ሻዶው ኪንግ» የጣልያንን ወረራና የሴት አርበኞችን ታሪክ ይተርካል። ከቃላቱ ሁለቱን ብቻ እንውሰድ። አንደኛው ንጉሠ ነገሥቱን በመልክ የሚመስለው ሰው ስም ነው፤ «ምንም» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪው ስሙን ሲሰማ የታሪኩን ምጸት ይረዳል፤ የእንግሊዝኛው አንባቢ ግን ፍቹ ካልተነገረው አንድ የባዕድ ስም ብቻ ነው የሚታየው። ሁለተኛው የሒሩት ጠመንጃ «ውጅግራ» ነው። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ሲሆን እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነውን የግራ ጠመንጃ ያመለክታል። እንግዲህ ምዕራባዊው አንባቢ እንደ ሩቅ አገር ቃል የሚያነበው የራሱ አህጉር ቃል ነው። የእኛ አርበኛ ጠመንጃውንም ቃሉንም የራሱ አድርጎታል፤ ሸጎሌ እንደሆነው ሁሉ። ባዕድ የሚመስለው ቃል ሁሉ ባላገር እንዳልሆነ ተርጓሚ ሊያስተውል ይገባል።

መ. ለቃላት ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

እነዚህ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ስለተጻፉ የአገር ቋንቋ አጥኚን አይመለከቱትም የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። እኛ አንስማማም። ወደ አማርኛ በሚመለሱበት ጊዜ ለባዕዱ የገባው ማብራሪያ ሁሉ መውጣት አለበት፤ የተቀነሰውም መመለስ አለበት። «ምንም» የሚለውን ስም የሚፈታ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ቅጂ ውስጥ ቢቀር መሳቂያ ይሆናል። ቻይናዊው ሊን ዩታንግ እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን የፔኪንግ ልብወለድ ዩ ዳፉ ወደ ቻይንኛ እንዲመልሱላቸው ሲጠይቁ፣ የስሞችንና የፈሊጦችን ምንጭ የሚያስረዳ ማስታወሻ ልከውላቸዋል። ትርጉሙ በዩ ዳፉ እጅ አልተፈጸመም፤ አሠራሩ ግን ሊወሰድ የሚገባው ነው።

ስለሆነም የሚከተሉትን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በሕይወት ያሉ ደራስያን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ በአእምሯቸው የነበረውን የአማርኛ፣ የቸሃ ወይም የሌላ ቋንቋ ቃል መዝግበው ለአጥኚዎች እንዲሰጡ። ሁለተኛ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንደ አፈርሳታና አውጫጭኝ ያሉትን የሥርዓት ቃላት በአንድ አቻ ቃል ከመፍታት ተቆጥበው ማን እንደሚሰበሰብ፣ ማን እንደሚጠይቅና ማን እንደሚቀጣ እንዲያስረዱ። ሦስተኛ፣ የተውሶ ቃላት መነሻ ከተገኘ፣ እንደ ውጅግራ ሁሉ፣ የመጡበት ቋንቋና የተለወጡት ድምፆች በፍቹ ሥር እንዲመዘገቡ። አራተኛ፣ ተርጓሚዎች እንሰትን እንሰት ብለው እንዲተዉት።