ስለ ታሲሊ ሥዕሎችና ስለ ግልባጮቻቸው

በአልጄሪያ ሰሐራ፥ ከጃኔት ከተማ በላይ ወዳለው የታሲሊ አምባ የሚሄድ ሰው ስንቁን በአህያ አስጭኖ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ከላይም ሲደርስ ነፋስ በሸረሸራቸው ዐለቶች ላይ የከብት መንጋና አዳኞች ተሥለው ያገኛል፤ ይኸውም ምድረ በዳው አንድ ጊዜ ለምለም እንደ ነበረ ይመሰክራል።

እነዚህን ሥዕሎች በሰፊው ያሳወቀው ፈረንሳዊው አንሪ ሎት ነው። በ1956 እና በ1957 (እ.ኤ.አ.) ሠዓሊዎችን ይዞ ያስገለበጣቸው ሥዕሎች በፓሪስ ታይተዋል፤ በ1958 የታተመው መጽሐፉም ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ድካሙን አንክድም፤ ነገር ግን በሥራው ላይ ሦስት ነቀፌታ አለን።

አንደኛ፥ ቀለሙ እንዲጎላ ዐለቱን በውሃ ማጠባቸው ሥዕሎቹን ጎድቷል። ሁለተኛ፥ ከግልባጮቹ መካከል የግብፅን አማልክት የሚመስሉት ሐሰተኞች መሆናቸው በኋላ ታውቋል። ሦስተኛ፥ የስፍራው ሰዎች ጃባረን፥ ማለት «ግዙፎች» በሚሉት ቦታ የሚገኘውን ትልቅ ምስል ሎት «የማርስ አምላክ» ብሎ በቀልድ ሰየመው፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ግን ቀልዱን እንደ ማስረጃ ቈጥረው ከሌላ ዓለም እንግዳ መጥቶ ነበር እስከ ማለት ደረሱ።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ይከብዳል። ሐሰተኛ ግልባጭና የተሳሳተ ስም ከዋናው ጋር ተመሳክረው ይታረማሉ፤ ዋናው ሲደበዝዝ ግን ማመሳከሪያው ይጠፋል። ስለዚህ ዋናውን የሚጎዳ ገልባጭ ለገዛ ሥራው የሚመሰክርለትን ያጠፋል።

ወደ አምባው የሚወጣ ተማሪም የያዘውን ውሃ ለጥሙ ብቻ ያውለው።