«መብራቱን አጥፋ» ሲባል ምን ይጠፋል?
ስለ አንድ የመግጠሚያ መመሪያ አተረጓጎም

በቅርቡ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የዲመር መግጠሚያ መመሪያ አንብበናል። የምንነቅፈው አሠራሩን እንጂ ሰውን አይደለምና የአዘጋጁንም ሆነ የተርጓሚውን ስም አናነሣም። መመሪያው የተጻፈው ያረጀውን ዲመር ከግድግዳ አውጥቶ በአዲስ ለሚተካ፣ ሙያው ላልሆነ ሰው ነው። ሰዋስዉ የቀና፣ አጻጻፉም የጠራ ነው። ይሁን እንጂ ቃል በቃል ለሚከተለው አንባቢ አደገኛ ሆኖ አግኝተነዋል። በልብ ወለድ ትርጉም የአንድ ቃል መሳት የንባብን ጣዕም ያጎድላል፤ በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ አስቀድሞ መብራቱ እንዲጠፋ ይላል። «መብራት» በቋንቋችን ቢያንስ ሦስት ፍች አለው፤ ይኸውም የሚታየው ብርሃን፣ ብርሃን የሚሰጠው አምፖል፣ እንዲሁም ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው። «ዛሬ መብራት የለም» ስንል ስለ አምፖል መናገራችን አይደለም፤ የመብራት ሒሳብ የምንከፍለውም ለምድጃውና ለማቀዝቀዣው ጭምር ነው። እንግዲህ «መብራቱን አጥፋ» የተባለ ሰው እጁን የሚሰደው ሊፈታው ወደ ተነሣው ወደዚያው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አምፖሉ ይጠፋል፤ ከግድግዳው የሚመጣው ሽቦ ግን ኮረንቲ እንደ ያዘ ይቀራል። የምንጩ ሐሳብ ኤሌክትሪኩ ከመነሻው ይቋረጥ የሚል ነው። ይህንንም በአማርኛ መግለጽ አያስቸግርም፦ «የዚያን ክፍል መስመር የሚቆጣጠረውን ብሬከር አጥፋ፤ በሽቦዎቹ ላይ ኮረንቲ አለመኖሩንም በቴስተር መርምር።» ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ የሚል ቢኖር፣ ዕድሜም አብሮ ይረዝማል እንላለን።

ቀጥሎ የሽቦዎቹ ስም ይመጣል። ኮረንቲ ያለበት ሽቦ «ሕያው ሽቦ» ተብሏል። ይህ የእንግሊዝኛው ቃል ጥላ ነው እንጂ የአማርኛ ስያሜ አይደለም። ባለሙያዎቻችን «ፌዝ» ይሉታል። በእርግጥ «ፌዝ» በአማርኛ ቀልድና ሹፈት ማለት ስለ ሆነ፣ ቃሉን በውሰት መቀበል የሚያሳስበው ሰው ሊኖር ይችላል። ሆኖም ሁለቱን ዐውዱ ይለያቸዋል፤ ተርጓሚው ቃሉን መጀመሪያ ሲያነሣ «ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ» ብሎ ቢፈታው ይበቃል።

ከዚህ የባሰው «ገለልተኛ ሽቦ» የሚለው ነው። ገለልተኛ ከጠብ የራቀ፣ ወገን ያልያዘ ማለት ነውና፣ አንባቢው ሽቦው የማይጎዳ ይመስለዋል። በእውነቱ ይህ ሽቦ ኮረንቲው ከአምፖሉ ወደ ምንጩ የሚመለስበት ነው፤ በመመለሻው መንገድ ላይ ቢበጠስ በአምፖሉ በኩል ያለው ጫፍ ሰው ሊይዝ ይችላል። «መላሽ ሽቦ» ቢባል ሥራውን ይናገራል፤ የማይገባ ተስፋም አይሰጥም። ከዚህም ሌላ፣ በብዙ ቤቶች ወደ ማብሪያው የሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች ሁለቱም የፌዝ ወገን ናቸው። አንዱ ያመጣል፣ ሌላው ወደ አምፖሉ ይወስዳል። ሁለተኛውን በቀለሙ ብቻ መላሽ ነው ብሎ መጥራት ስሕተት ነው።

ስለ ቀለም ከተነሣ፣ «ጥቁር» የሚለው ቃል በትክክል ተተርጉሞም ሊያሳስት ይችላል። በአሜሪካ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ መላሽ ነው። በብሪታንያ ግን በ2006 (እ.ኤ.አ.) አዲሶቹ ቀለሞች ግዴታ እስከ ሆኑ ድረስ ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ መላሽ ነበር፤ አሁን ፌዙ ቡናማ፣ መላሹ ሰማያዊ ነው። የቁጥርም ነገር እንዲሁ ነው። ከሁለት ቦታ አንድ መብራት የሚያበራውን ማብሪያ አሜሪካኖች ባለ ሦስት መንገድ፣ ብሪታንያውያን ደግሞ ባለ ሁለት መንገድ ይሉታል፤ ዕቃው ግን አንድ ነው። ስለዚህ «ከሁለት ቦታ የሚሠራ» ብሎ በአገልግሎቱ መሰየም ይሻላል።

በመጨረሻ የዕቃውን ስም እንመልከት። ተርጓሚው «ማደብዘዣ» ብሎታል። ደበዘዘ የሚባለው ቀለሙ የለቀቀ ጨርቅ፣ የደከመ ዓይን ነው፤ ቃሉ ጉድለትን ያመለክታል። በፋኖስ ብርሃን ያደገ ሰው ክሩን ዝቅ ወይም ከፍ አድርግ ይላል እንጂ አደብዝዝ አይልም። ይኸው ስያሜ ሌላ ስሕተት ወልዷል፤ ከዲመር ጋር እንዲሠራ የተዘጋጀው አምፖል «ደብዛዛ አምፖል» ተብሏል። ይህን አንብቦ ገበያ የወጣ ሰው ብርሃኑ ደካማ የሆነ አምፖል ይዞ ይመለሳል፤ አምፖሉ ለዲመር ያልተሠራ ኤልኢዲ ከሆነም ሊርገበገብበት ይችላል።

እኛ «የብርሃን መመጠኛ» የሚለውን እንመርጣለን። ጨው እንደሚመጠን ብርሃንም ይመጠናል፤ ቃሉም ለመጨመርም ለመቀነስም ይሆናል። ከዕቃው ውስጣዊ አሠራር ጋርም ይስማማል። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ኮረንቲው በሰከንድ 100 ግማሽ ሞገድ አለው፤ የተለመደው ዲመር እያንዳንዱን ግማሽ ሞገድ ለጥቂት ጊዜ አግዶ የቀረውን ያሳልፋል። የሚመጥነው እንግዲህ ጊዜን ነው። «ዲመር» የሚለው በገበያ የታወቀ በመሆኑ፣ በመጀመሪያ አጠቃቀሱ ከመመጠኛ ጎን ቢጻፍ አንቃወምም።

ለተርጓሚዎች የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው። የዚህ ዓይነት ረቂቅ ከመታተሙ በፊት ምንጩን ላላየ ሰው ይሰጥ፤ ኤሌክትሪክ ባልተገናኘበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ እያንዳንዱን ትእዛዝ በጣቱ ያመልክት። ጣቱ ከብሬከሩ ይልቅ ወደ ማብሪያው ከሄደ፣ መታረም ያለበት አንባቢው ሳይሆን ቃሉ ነው።