እስከ ነጥቧ ድረስ፦ የኤልቲኦን ሥራ በስም አያያዙ መመዘን

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሞክሼዎች ሲገጥሙ መምህሩ የማንንም ስም አይቀይርም፤ የአባታቸውን ስም ያስከትላል። የራስ ስም ይቀድማል፣ መለያው ይከተላል። ኮምፓይለርም ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ ሲያይ ይኸው ፈተና ይገጥመዋል። እኔም ሥራውን የምመዝነው በዚሁ ልማድ ነው።

በሲ ቋንቋ «ስታቲክ» የተባለ ፋንክሽን የቤት ልጅ ነው፤ ስሙ ከፋይሉ ደጅ አይወጣም። ሃያ ፋይሎች እያንዳንዳቸው «ኢኒት» የሚባል ፋንክሽን ቢኖራቸው ፋይሎቹን የሚያገጣጥመው ሊንከር አይቸገርም። ኤልቲኦ (ሊንክ ታይም ኦፕቲማይዜሽን) ግን ፕሮግራሙን በጥቅሉ አይቶ ለማፍጠን ሲል የፋይሎቹን አጥር ያፈርሳል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ይህን ችሎታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 4.5 ስሪት ነው። ፕሮግራሙ ትልቅ ሲሆን የተሰበሰበው ኮድ እንደገና ይከፋፈልና ክፍሎቹ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ያን ጊዜ «ኢኒት» በአንዱ ክፍል፣ ጠሪው በሌላው ሊወድቅ ይችላል፤ የቤቱ ስም አደባባይ መውጣት ግድ ይሆንበታል። የባለሙያ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የራስ ስም ይቅደም። ጂሲሲ ዋናውን ስም እንዳለ ትቶ ነጥብ፣ «ኤልቲኦ_ፕሪቭ» እና ተራ ቁጥር ይቀጥልበታል። የሌላው ኮምፓይለር የክላንግ መሠረት የሆነው ኤልኤልቪኤም፣ ቲን ኤልቲኦ በተባለው ስልቱ፣ ደግሞ «.ኤልኤልቪኤም.» ብሎ ከፋይሉ የተሰላ ቁጥር ያስከትላል። ነጥቧን አትናቋት፦ የሲ ቋንቋ በስም ውስጥ ነጥብ ስለማይፈቅድ፣ ፕሮግራመር በሲ የጻፈው ስም ከዚህ ቅጥያ ጋር በአጋጣሚ ሊገጥም አይችልም።

የወጣው ስም ከግቢ አይለፍ። ከክፍል ወደ ክፍል እንዲታይ የተፈቀደለት ስም ከፕሮግራሙ ውጭ መታየት የለበትም። ሁለቱም ኮምፓይለሮች እንዲህ ያለውን ሲምቦል (ስም) «ሂድን»፣ ማለትም ስውር፣ አድርገው ያወጡታል። ለመፈተን የላይብረሪውን የውጭ ስሞች ዝርዝር «ኤንኤም» በተባለው መሣሪያ ያውጡ። እነዚህን ቅጥያዎች የያዘ ስም ካገኙ በሩ ክፍት ቀርቷል ማለት ነው።

ያላየውን አይንካ። በሲ ኮድ መሃል የተሰካ አሴምብሊ ፋንክሽኑን በስሙ ሲጠራ፣ ኮምፓይለሩ የሚያየው ተራ ጽሑፍ እንጂ ጥሪ አይደለም። ስሙ ከተቀየረ ጥሪው ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሊንከሩ «የለም» ብሎ ቢጮህ ደግ ነው። ጥሪው ሌላ ሞክሼ ላይ ካረፈ ግን ፕሮግራሙ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሳሳታል። የዚህን ያህል የሚያስፈራኝ የስም ስህተት የለም። ጥንቁቅ ሥራ እንዲህ ያሉትን ስሞች አስቀድሞ ለይቶ ይተዋቸዋል።

ስሙ ይጽና። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ተራ ቁጥር የሥራውን ቅደም ተከተል ስለሚከተል አንድ ፋይል ሲጨመር ሊዛነፍ ይችላል። ከይዘት የተሰላ ቁጥርም አንድ መስመር ሲታረም ይለወጣል። ዋናው የሊኑክስ ከርነል በክላንግ ኤልቲኦ መሠራት የቻለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 5.12 ስሪት ጀምሮ ነው፤ ከርነሉም ስሞችን ሲፈልግ «.ኤልኤልቪኤም.» የሚለውን ቅጥያ ቆርጦ መጣልን መልመድ ነበረበት። ክላንግ ሌላም አማራጭ አለው፦ «ዩኒክ» የሚል ምልክት ከፋይሉ ስም ከተሰላ ቁጥር ጋር ይቀጥላል። የፋይሉ ይዘት ቢታረምም ይህ ቅጥያ አይነቃነቅም። ትናንት የተለካ የፍጥነት መረጃ ለዛሬው ኮድ የሚያገለግለው ስሙ ሲጸና ነው፤ ስለዚህ ምርጫ ካለኝ ይህን እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ሚዛን የብልሽት ሪፖርት ነው። ሌሊት አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ከፕሮግራሙ የሚተርፈው በጥሪ ላይ የነበሩት ፋንክሽኖች የስም ዝርዝር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እዚህም ይሠራል። ዝርዝሩን ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ያንብቡ። እስከ ነጥቧ ያለው ፕሮግራመሩ የሰየመው ነው፤ ከነጥቧ በኋላ ያለው ኮምፓይለሩ ያደረገውን ይናገራል። ሁለቱን ሳይደናገሩ ካነበቡና ጥፋቱ ያለበትን መስመር ካገኙ፣ ያ ኮምፓይለር ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።