ጽሑፍን ከጽሑፍ የመቀጠል ትምህርትና የአቀራረቡ ጉድለት

የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍን ለጀማሪዎች በሚያስተምሩ መጻሕፍት ውስጥ አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጋር ማያያዝ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በአንዱ ተጠቅሶ በጥቂት መስመሮች የሚታለፍ ርእስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣውና ዛሬ ለጀማሪዎች በሰፊው በሚሰጠው የፓይተን ቋንቋ ይህ ሥራ የሚፈጸመው በመደመር ምልክት በመሆኑ፣ ማብራሪያው ጽሑፍም እንደ ቁጥር ይደመራል ከማለት ብዙ አይርቅም። አባባሉ ለማስታወስ የቀለለ መሆኑ አይካድም፤ ትክክል ግን አይደለም።

ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ የትኛውም ቢቀድም ውጤቱ ያው ነው። «ቤተ» እና «መጻሕፍት» ሲያያዙ ግን «ቤተመጻሕፍት» የሚገኘው በዚሁ ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ቢገለበጥ «መጻሕፍትቤተ» ይሆናል። የአንድ ተማሪ የሁለት ፈተና ውጤት፣ 35 እና 40፣ ከቁልፍ ሰሌዳ ገብቶ በዚሁ ምልክት ቢያያዝ፣ ፓይተን ከቁልፍ ሰሌዳ የሚቀበለውን ሁሉ በጽሑፍነት ስለሚይዝ፣ መልሱ 75 ሳይሆን 3540 ነው። ምልክቱን «ደምር» ብሎ ማንበብ የለመደ ጀማሪ የስሕተቱን ምንጭ በከንቱ ከሒሳቡ ውስጥ ይፈልጋል። ገመድ ይቀጠላል እንጂ አይደመርም፤ ምልክቱም ጽሑፍ ባለበት ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን «ቀጥል» ተብሎ ቢነበብ በተሻለ ነበር። ጽሑፍና ቁጥር ሲቀላቀሉ ፓይተን ሥራውን አቁሞ ስሕተት መኖሩን መናገሩ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጃቫስክሪፕት በአንጻሩ ቁጥሩን በዝምታ ወደ ጽሑፍ ለውጦ ያያይዘዋል። (ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ ለዚህ ሥራ ነጥብን ለይቶ ስለመደበ ከዚህ ጣጣ ድኗል።)

ከዚህ የባሰው ጉድለት ልምምዶች ከእንግሊዝኛ እንዳሉ ሲወሰዱ የሚታየው ነው። በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥርን ለመመሥረት አብዛኛውን ጊዜ በስሙ መጨረሻ አንድ ፊደል መቀጠል ስለሚበቃ ልምምዱ ለጀማሪ ይመቻል። በአማርኛ ሲሞከር ግን ይፈርሳል። «ተማሪ» ላይ «ዎች» ቢቀጠል «ተማሪዎች» ይገኛል፤ «ቤት» ላይ «ኦች» ቢቀጠል ግን የሚወጣው «ቤትኦች» ነው። የግእዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ ሳድሱ «ት» ወደ ሳብዑ «ቶ» መለወጥ ይኖርበታል፤ መቀጠል ደግሞ የተቀጠለውን ምንም አይለውጥም። ተማሪው በራሱ ቋንቋ ሞክሮ የተበላሸ ቃል ሲያገኝ ጥፋቱን በራሱ ወይም በፊደሉ ላይ እንዳይጥል ያሠጋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ልምምድ የሚስማሙት በመደበኛው አጻጻፍ ከስም በፊት ሳይለወጡና ሳይለውጡ የሚገቡት «ለ»፣ «የ» እና «በ» ናቸው።

«ቤቶች» የሚለውን ቃል በፕሮግራም ማውጣት ግን የሚቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲካተት እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የ«ት» ቁጥር 4725፣ የ«ቶ» 4726 ነው። ከሳድሱ ወደ ሳብዑ ለመድረስ 1 መጨመር ይበቃል፤ እውነተኛው መደመር የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ለዚህ አስቀድሞ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ለይቶ መቍረጥ ያሻል። ቈረጣ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ትምህርት ቢሆንም፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች በሚዘጋጅ መጽሐፍ ከመቀጠል ጋር በአንድ ምዕራፍ ሊሰጥ ይገባዋል።