«የአላህ ቅጠል» እና የገበሬው ጥያቄ

ዶክተር ሕዝቅኤል ገቢሳ በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት «የአላህ ቅጠል» ከ1875 እስከ 1991 ያለውን የሐረርጌን የጫት እርሻ ታሪክ ይተርካል። መጽሐፉን እንድናነብ ያነሣሣን አንድ ከአወዳይ አካባቢ የመጣ እጩ መምህር ነው። ስለ ጫት ጎጂነት ስናስተምር እጁን አንሥቶ፣ «ደብተሬ የተገዛው በጫት ገንዘብ ነው፤ ታዲያ አባቴ ጥፋተኛ ነው?» ሲል ጠየቀን። የረባ መልስ አልሰጠነውም።

ደራሲው ገበሬው ጫት የተከለው ከስንፍና ወይም ከሱስ የተነሣ እንዳልሆነ ያስረዳሉ። መሬት ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ምድር ባቡር፣ ኋላም አውሮፕላን፣ ቅጠሉን ከጅቡቲና ከዓደን ገበያ አገናኘው። በደርግ ዘመን የእህልና የቡና ዋጋ በመንግሥት ሲወሰን ጫት በአመዛኙ ከዚህ ቁጥጥር ውጭ ቆየ። ገበሬው አስቦና አስልቶ መረጠ ማለት ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ይህን በማስረጃ ማሳየቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት የገበሬውን ሙግት መረዳት ይቻላል። ግብር ይከፍላል፤ ጫቱም በየኬላው ሲቀረጥ ኖሯል። ደረሰኝ የተቆረጠለት ነገር እንደምን ነውር ይሆናል? ግብሩን ሲከፍል ዜጋ፣ ማሳው ሲታይ ግን የአገር ጠንቅ መባሉን አይቀበለውም።

የመጽሐፉ ትረካ በ1991 ቢያበቃም ጥያቄው ድንበር ተሻግሮ ቀጥሏል። የሐረርጌ ጫት በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አልፎ ሐርጌሳ ይገባል። የዚያድ ባሬ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 ጫትን በሕግ ሲከለክል በሰሜኑ ክፍል ብዙ ሰው እርምጃው በእርሱ ላይ ያነጣጠረ አድርጎ ቆጠረው። ዛሬ እዚያው ሐርጌሳ ያለው አስተዳደር ከጫት ቀረጥ ይሰበስባል። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው፤ የተለወጠው ሕጉ ነው። እንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ በሕግ ይገባ የነበረው ጫት በዚያው ዓመት ታገደ። ታዲያ ገበሬው ሕግንና ግብረ ገብን ለየብቻ ቢመዝን ሊያስገርመን አይገባም።

ሆኖም መጽሐፉን የምንነቅፍበት ነጥብ አለ። ደራሲው ለገበሬው ጠበቃ በመሆን ሲደክሙ የቃሚው ቤት ከዓይናቸው ይርቃል። አሕመድ ዳጋህን በመሳሰሉ የሐርጌሳ ሠፈሮች ጫቱን የሚቸረችሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ቤተሰብ ያስተዳድሩበታል። በዚያው ከተማ ደግሞ የአባወራው የቀን ገቢ ለጫት ሲውል ጓዳው ባዶ የሚቀርባት ሚስት አለች። የአንዲቱ እንጀራ የሌላይቱ ረሃብ ሲሆን፣ «ግብሬን ከፍያለሁ» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ገበሬውን ከወንጀለኝነት ነጻ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከኃላፊነት ነጻ ማውጣት ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ የመጀመሪያውን ፈጽሟል፤ ሁለተኛውን በሚገባ አልመረመረም።

ለዚያ እጩ መምህር ዛሬ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አባትህ ጥፋተኛ አይደለም፤ ቅጠሉ የሚደርስበትን ቤት መጠየቅ ግን የአንተም የእኛም ግዴታ ነው። የሥራ ጓደኞቻችንም የገበሬውን ልጅ ሳናሸማቅቅ የቅጠሉን ጉዳት ማስተማር እንድንችል ይህን መጽሐፍ ቢያነቡት እንወዳለን።