የደብር ታሪክና የሰፈር ስም

የአንድን ደብር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ታቦቱ ከገባበት ቀን ነው። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራውን መኰንን ያመሰግናል፤ የአለቆቹን ስም በተራ ይዘረዝራል፤ በዚያው ይፈጽማል። ይህ አጻጻፍ ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው፤ በደብሩ ዙሪያ ያረሰው፥ የገበረውና ማኅበር የጠጣው ሕዝብ ከታሪኩ ውጭ ይቀራልና።

ይህን ጉድለት ለማረም ከሚረዱን መጻሕፍት አንዱ በ1942 ዓ.ም. የታተመው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ነው። ደራሲው የመሬትን ይዞታና የግብርን ሥርዐት በትጋት ሰብስበው ስላቈዩልን ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም መጽሐፉ አገሩን የሚያሳየን ከመንግሥት ወገን ሆኖ ነው፤ ገባሩ ስለ ቀዬው የሚናገረውን ከሌላ ስፍራ መፈለግ አለብን።

በእንግሊዝ አገር፥ በተለይ በሰሜኑ ክፍል፥ አንድ አጥቢያ ብዙ መንደሮችን ያቅፍ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1538 ጥምቀት፥ ጋብቻና ቀብር በየአጥቢያው እንዲመዘገብ ስለ ታዘዘ፥ የድኻው ስም ሳይቀር ለታሪክ ጸሐፊ ደርሷል። በእኛ አገር በወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ሲጻፍ የኖረው ግን ይልቁንም የመሬት ስጦታ ነው። ስለዚህ ለእኛ የቦታ ስም ራሱ እንደ መዝገብ ሊነበብ ይገባል።

በአዲስ አበባ ደቡብ ያለውን የሀና ማርያምን አካባቢ እንመልከት። በዚህ ስፍራ የቤተ ክርስቲያኑ ስም የሰፈሩ መጠሪያ ሆኗል። ከዚያው ወገን የሚገኙት የላፍቶና የመካኒሳ ስሞች ግን ከኦሮምኛ የመጡ የዛፍ ስሞች ናቸው፤ ላፍቶ ግራር፥ መካኒሳም ብሳና ማለት ነው። ሁለቱን ወገን አስተባብሮ የማያነብ ጸሐፊ የታሪኩን እኩሌታ ይጥላል።

ነገሩ አሁን አስቸኳይ ሆኗል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ በዐዋጅ ከተወረሱ በኋላ፥ የከተማው ሕዝብ በቀበሌ ቍጥር፥ ኋላም በክፍለ ከተማና በወረዳ ቍጥር መጠራትን ለመደ። እርሻው የጋራ መኖሪያ ቤት ሲሠራበት የወንዙና የመስኩ ስም ከሽማግሌዎች ጋር አብሮ ይቀበራል። ቍጥር ለአስተዳደር ይመቻል፤ በቦታው ማን እንደ ኖረ ግን አይናገርም።

እንግዲህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ደብተር አስይዘው ወደ አረጋውያን ቢልኩ፥ ሹማምንትም በየመዝገቡ ከወረዳው ቍጥር ጐን የቀድሞውን ስም ቢያስጽፉ፥ ነገ የደብሩን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከአለቆቹ ስም ጋር የጎረቤቶቹንም ታሪክ ለመጻፍ ይችላል።