ሰዋስው እና ቀይ እስክርቢቶ

ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና የላሊበላን ተሳፋሪ አውርዶ የሚያልፍባት መገንጠያ ናት። እዚያ አማርኛ ሳስተምር ቀይ እስክርቢቶዬን የጨረሰው አንድ ቃል ነበር፤ ሰዋስው። ተማሪዎቼ «ሰዋሰው» እያሉ ይጽፋሉ፣ እኔ ሦስተኛዋን ፊደል እያከበብኩ ግማሽ ነጥብ እቀንሳለሁ።

አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ መሰላል ሳልኩና «ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ስለምንወጣ ነው እንዲህ የተባለው» አልኳቸው። ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ። «የኔታ…» ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ ለሌሎቹ ቲቸር ነኝ። «በግዕዝ እኮ መሰላሉ ራሱ ሰዋስው ነው። ያዕቆብ በሕልሙ ያየው።»

ልክ ነው። ከፊደል ወደ ቃል የሚለው መወጣጫ ግን ከራሴ ያመጣሁት ነበር፤ ያምራል እንጂ ምንጭ የለውም። የቋንቋ ምሁራን የሚያሳዩት መንገድ በግብፅ በኩል ያልፋል። በ13ኛው መቶ ዘመን ቋንቋቸው በዓረብኛ እየተዋጠ የመጣባቸው ቅብጦች የቃላት መዝገብ እያዘጋጁ «ሱለም» አሉት፤ በዓረብኛ መሰላል ማለት ነው። የእኛ ሊቃውንት ድምፁን ትተው ሐሳቡን ወሰዱ። ሩሲያኛና ቡልጋሪያኛ የግሪኩን ቃል «ግራማቲካ» ብለው ከነድምፁ ሲጋሩ፣ አማርኛና ትግርኛ የሚጋሩት ይህንን የግዕዝ መሰላል ነው።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ሲታተም ርእሱ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ግስም ቢሆን ለዚያ ልጅ ሌላ ነገር ነው። «ከዓረፍተ ነገሩ ግሱን ለይ» ስለው «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል» ብሎ ሊወርድልኝ ጀመረ። በፈተናው ሕግ ስህተት ነው፤ በተማረበት ቤት ግን የሌሊት ጥናቱ ነው፣ ምን ብዬ ላርመው?

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ነጥቧን መቀነስ ተውኩ። ቃሉ ከግብፅ ጋሸና ሲደርስ ስንት ነገር ጥሏል፣ አንዲት ሳድስ በአማርኛ አፍ ግዕዝ ብትሆን ምን ይገርማል! በሚቀጥለው ፈተና ልጁ «ስ» ብሎ ጻፈ፣ አጠገቡ ያለችው «ሰ» አለች። ለሁለቱም ራይት አደረግኩ።